የዲምቱ ታፔላ

ከሚሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ ለሙስዐብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አካም ጅርታ፣ ፈያዳ? ባለቤትህ ኢማንስ ደህና ናት ወይ? እኛ ከሚሴዎቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ወገቤ ብቻ መሰላል በወጣሁ ቁጥር ይወቅሰኛል። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ እኔና አንተ ሰላምታውን ሳንጨርስ ካርዱ ያልቃል፤ ደግሞ አንዋር በሚኒባሱ ሥዕሉን ይዞልህ ሲመጣ አንድ ቃል ሳይጨመርበት መላኩ ነውር መሰለኝ።

አዎ፣ ጨርሼዋለሁ። ፎቶ አንስተሽ ላኪው ያልኸኝን ግን አልሰማሁህም። የስልክ ካሜራ ቀለም ያበላሻል፤ ዋናውን አንተው በማሽን ገልብጠው።

ሥራህን ለቀህ ይህን የስልክ ጌም ለመሥራት መቀመጥህን፣ እስከ ዒድ ሰው ካላገኘ ወደ ደሞዝ እመለሳለሁ ብለህ ለኢማን ቃል መግባትህንም አልረሳሁም። ስለዚህ ምንም አልቆጠብሁብህም። ጌሙ ላሞችን ከቦርከና ወንዝ ማሻገር ነው አላልኸኝም? አሥራ አንዱንም ላም ሥያለሁ፣ የእናታችንን ቀይ ላም ዲምቱን ከፊት አድርጌ። ወንዙ አለ፣ ቄጠማው አለ፣ ጅቡ ቁጥቋጦ ሥር አድፍጧል፣ ከኋላ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ይታያል፣ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው። የመስጊዱን ሚናራ የጨመርሁት አገሩ ከሚሴ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። የጌሙን ስም በቀይ ጽፌ ጥላ አበጅቼለታለሁ። ከታች ስልክ ቁጥርህን በትልቁ አስገብቻለሁ፤ አንተ ረስተኸው ነበር።

ለምን ይህን ሁሉ አጨቅሽበት እንዳትለኝ። የሱቅ ታፔላ ላይ ስኳሩን ሥለህ ሳሙናውን ብትተወው፣ ሳሙና ፈላጊው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁበት ሥራ ነው።

እህትህ አሻ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እቴ አሻ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ኢማን እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። ለወገብሽ ቅባት በአንዋር ልኬያለሁ፤ እንደ ባለፈው ለጎረቤት እንዳታድዪው።

ወደድከው ወይስ አልወደድከውም ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ ብዬሻለሁ። አልተቆረጠም ነበር፤ አፉ በይኝ። ይህን ደብዳቤም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሥዕሉን ወድጄዋለሁ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ የመጣ ሰው ሁሉ ፊቱ ቆሞ ላሞቹን ይቆጥራል። ጌሙ በኢንተርኔት የሚሸጥበት መደብር ላይ ግን ላወጣው አልችልም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሆን አልነገርኩሽም። ስልክ ላይ የሚታየው የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነው፤ ዙሪያውንም የሌሎች ሰዎች ሃያ ሥዕል ይከበዋል። ሰው ደግሞ በጣቱ እየገፋ ነው የሚያልፈው፤ ቆሞ የሚቆጥር የለም። አብሬ የላክሁት ወረቀት ላይ ያንቺን ሥዕል በልኩ አሳንሼ ከሃያዎቹ መሐል አትሜዋለሁ። ስታዪው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሻል።

የሚያስፈልገኝ ሁለት ነው። አንዱ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ አንድ ነገር ብቻ ያለበት፣ ፊደል የሌለበት። ሁለተኛው ከገጹ አናት የሚቀመጥ ሰፊ ሥዕል፤ ስሙ እዚያ ላይ ይጻፋል። የጌሙን ውስጥ የሚያሳዩትን ሥዕሎች እኔ ከጌሙ አወጣቸዋለሁ። ስልክ ቁጥሩን በተመለከተ ማንም አይደውልልኝም እቴ፤ ሥዕሉን ሲነኩት ጌሙ ራሱ ይወርዳል። ኢማን ቁጥሩን አይታ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች፤ በክፉ አይደለም።

ብቻ ሰውን የሚያስቆም ነገር ሣዪልኝ። ሌላው ሁሉ በእጅሽ ነው።

ወንድምሽ ሙስዐብ


ከሚሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስዐብ፣

ሰላም ብዬሃለሁ፤ ዛሬ ሰላምታዬን ያሳጠርሁት ስለ ተቀየምሁ ነው። ኢማን ግን ሳቋ አይጉደልባት።

አይ፣ አላለቀስሁም። ሳቢራ ነች ያለችህ? ያቺ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ከመርፌዋ ይልቅ ምላሷ ይሠራል። የላክኸውን ወረቀት ግን አይቼዋለሁ። የኔን ሥዕል ከሃያው መሐል ፈልጌ አጣሁት። ሳቢራ በጣቷ አሳየችኝ፤ የፈሰሰ ወጥ ይመስላል።

ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ አሥራ አንድ ላም አላደክምም ነበር። ትንሽ ማለት ሩቅ ማለት ነው፤ ሩቅን ደግሞ አውቀዋለሁ። የደሴ አውቶቡስ ከተማችንን አቋርጦ ሲያልፍ በመስኮት የሚያየው ሰው አንድ ታፔላ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፈው ትንፋሽ እስኪወስድ ድረስ ብቻ ነው። ለእሱ ብለን ለምግብ ቤት አንድ ትልቅ የበግ ጭንቅላት እንሥል ነበር እንጂ ሜኑውን አንጽፍም።

ነበር ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። እኔ ካለሁበት ትንሽ ከፍ ብሎ ባነር ማተሚያ ከተከፈተ ወዲህ ብሩሽ የሚያሠራ ሰው የለም። ከመስከረም ወዲህ የሠራሁት የአንዲት ባጃጅ ጀርባና ያንተን ነው። ይህን የነገርሁህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ የኔ ሥዕል ላንተ እንዲሆን ምን ያህል እንደምፈልግ እንድታውቅ ነው።

እንግዲህ ሰውን የሚያስቆም ብለኸኛል፤ ኮርማ ሥዬ ልኬልሃለሁ። ከአፋር ከብታቸውን ይዘው ጨፋ ከወረዱት ሰዎች ዘንድ ያየሁት ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ቀንዱን አሹሎ ሊወጋህ ሲመጣ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ፈትኜዋለሁ፤ ከዚያም ሆኖ ያስፈራል።

አሻ


አዲስ አበባ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ አሻ፣

እንደምን ሰነበትሽ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አንዋርን ሳላገኘው ቆየሁ፤ ዘግይቼ ከሆነ አፉ በይኝ። እውነቱን ልንገርሽና፣ መንገዱ ባይዘጋም እዘገይ ነበር።

ስለ ኮርማው ውጤት ጠይቀሽኛል። በታኅሣሥ መጀመሪያ አወጣሁት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያሰብኩትን አምስት እጥፍ ሰው አወረደው። ኢማን ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ከዚያ ባወረዱት በማግስቱ ከስልካቸው ማጥፋት ጀመሩ። ኮርማ የሚዋጋበት ጌም ነበር የመሰላቸው፤ ሲከፍቱት ላሞች ቀስ ብለው ወንዝ ይሻገራሉ። "ውጊያው የት አለ" ብለው የጻፉ አሉ። አንዱ አታላይ ብሎኛል። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲበዛ መደብሩ ራሱ ጌሙን ወደ ታች ስለሚቀብረው አሁን ፈልጎ የሚያገኘውም የለም።

እባክሽ ሥዕልሽ መጥፎ ሆኖ እንዳይመስልሽ። በጣም ስለሠራ ነው የጎዳን። የሚያስቆም ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፤ ሥዕሉ ጌሙ ውስጥ የሌለ ነገር ማሳየት እንደሌለበት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ ጨንቆኝ ነው። ዒድ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኮርማው ቀንድ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ተሥሏል፤ አንዱ መስመር ከሌላው ወጣ ብሏል። ያንቺ እጅ እንዲህ አይስትም ነበር። ሆን ብለሽ ነው?

ሙስዐብ


ከሚሴ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙስዐብ፣

አካም ጅርታ። አታላይ ያለህን ሰው አላህ ልብ ይስጠው፤ እኔ ግን ሁለት ቀን እህል አልበላልኝም። አንተ የታመንህ ልጅ ነህ። በኔ ብሩሽ ነው ስምህ የጠፋው።

ኮርማውን አውርደው። በስልክ ከእንግዲህ ምን ልትሥዪ ነው ብለኸኛልና፣ መልሱን ከወንዙ አምጥቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከብት ከሚያረባው ከሙሐመድ አሊዬ ልጆች ጋር ወደ ጨፋ ወረድሁ። መሻገሪያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ከብት ሲሻገር ሰማሁ፤ አየሁም። አንተም ታስታውሰው ይሆናል፣ እዚያ ከብት በዱላ አይነዳም። ባለቤቱ መሪዋን ላም በስሟ ይጠራታል፣ እሷ ትገባለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል። እሷ ማዶ ከወጣች በኋላ ግን ሣሩ እግሯ ሥር እያለ አትግጥም። ዞራ ትቆማለች። የመጨረሻዋ ጥጃ ከውኃው እስክትወጣ ድረስ አንገቷን አዙራ ታያለች።

ያንተ ጌም ይኼ ነው ወንድሜ። መስከረም ላይ መጥተህ ስታሳየኝ መጨረሻው ላይ ርችት የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ጥጃዋ ትወጣለች፣ ዲምቱ ሣር ትነካለች፣ አለቀ። ያኔ ይህ ምን ጨዋታ ነው ብዬህ ነበር። አሁን ገብቶኛል። የሚሣለው ዲምቱ ዞራ ስታይ ነው፤ ሌላ ምንም።

ጥቂት ታገሠኝ፤ ሰሞኑን ብርሃን ያንሰኛል። ስለ ቀንዱ የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

እህትህ አሻ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴ፣

ብርሃን አይደለም ያነሰሽ። ሳቢራ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ አጥብቄ የጠየቅኳት። ሁለቱም ዓይንሽ ሞራ እንዳለበት፣ ጤና ጣቢያው ደሴ ሂጂ ካለሽ ሰባት ወር እንደሆነው፣ ከመንገድ ማዶ ሰላም ያሉሽን ሰዎች በድምፅ እንደምትለዪ ሰማሁ። ቀለም ከቆርቆሮው በማሽተት ትለያለች አለችኝ።

ለምን ደበቅሽኝ? አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከእኔ የደበቅሽው ነገር የለም ብዬ ለኢማን እምል ነበር። በዚያ ዓይን ሌት ተቀን ላም እንድትሥዪልኝ ሳደርግ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ተናድጃለሁ፤ አንቺ ላይ ይሁን ራሴ ላይ አላውቅም።

ሥዕሉን ተዪው። እዚህ በኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ አነጋግሬያለሁ፤ ሐሳብሽን ነግሬው እሱ ይሥለዋል። አንቺ ነገ ተነሺና ደሴ ሂጂ። ጌም ሌላ ጊዜም ይሠራል።

ሙስዐብ


ከሚሴ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስዐብ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ከዚህ በታች ያለውን ኢማን ታንብብልህ፤ አንተ ስትናደድ ግማሹን ትዘላለህ።

ለምን ደበቅሽ ላልኸኝ መልሱ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ተዪው ብለኸኛል። ይህን ቃል እንዳልሰማ ነው ዝም ያልሁት። ባለሱቆቹ ተዪው ብለውኛል፣ ትምህርት ቤቱ አጥሩን በባነር ሸፍኖ ተዪው ብሎኛል፤ ካንተ መስማት ግን አልቻልሁም። ሌላ ሰው ብታሠራ አልቀየምም ብልህ ውሸቴን ነው። እቀየማለሁ።

አሁን ረጋ ብለህ አድምጠኝ። ሳቢራ አጋንናለች፣ ቀለም አላሸትም፤ የቆርቆሮዎቹ ክዳን ላይ በምስማር ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። የማየው ግን በጉም ውስጥ ነው። ታዲያ ስልኩን እየገፋ የሚያልፈው ሰው ከዚህ የተሻለ ያያል? አንተ ራስህ አያይም ብለኸኛል። ያን ባለሃያ ሥዕል ወረቀትህን ሳቢራ ግድግዳ ላይ ለጠፈችልኝ። ዲምቱን ሣልሁ፣ በልኩ ቆርጬ ከሃያዎቹ መሐል አስገባሁ፣ ከበሩ ሆኜ ፈለግኋት። ጠፋችብኝ። ቀንዷን አገዘፍሁት፣ ቄጠማውን አጠፋሁት፣ እንደገና ጠፋችብኝ። በአምስተኛው፣ ወደ ኋላ የዞረውን አንገቷን ከበሩ ሆኜ አወቅኋት። እኔ ካወቅኋት ማንም ያውቃታል።

ቀዩ ቀለም ለዓይኔ ደብዝዞ ቡላ እየሆነ አስቸግሮኝ ነበር። ስለዚህ የማውቃትን ዲምቱን እስክትመስለኝ ድረስ ከሌላው ጋር ቀላቅዬዋለሁ። ቀለሙ እንዴት እንደሆነ ፍርጥ አድርገህ ንገረኝ።

ሥዕሉን በአንዋር ልኬዋለሁ። ይህን ካወጣኸው ከዒድ በኋላ ደሴ እሄዳለሁ፤ ወላሂ ብያለሁ። ካላወጣኸው ደግሞ ዓይኔም ይቆይ።

አሻ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሻ፣

ዒድ ሙባረክ፤ አላህ ከኛም ከናንተም ይቀበለን። ባለፈው ለጻፍኩልሽ ቃል እንደገና አፉ በይኝ። ተዪው ስልሽ ላንቺ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

ሥዕሉን አወጣሁት። ጌሙ ውስጥ ጥቂት የማስተካክለው ነገር ስለነበረ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፤ የሚያሳስብሽ አይደለም። ቀለሙን ጠይቀሽ ነበር። ጥሩ ነው። ማሽኑም አላበላሸውም። ከሃያው መሐል ቀድሞ ዓይን የሚገባው ያንቺ ነው።

የመጣው ሰው እንደ ኮርማው ጊዜ ብዙ አይደለም። የመጣው ግን አይሄድም። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እንደሚከፍቱት የጻፉልኝ አሉ። አገሯን የማላውቀው አንዲት ሴት የመጨረሻዋ ጥጃ እስክትወጣ ትንፋሿን እንደምትይዝ፣ ሥዕሉን ስታይም ላሟ እሷን የምትጠብቅ መስሏት እንደገባች ጽፋለች። ደብዳቤሽን አንብባ የጻፈችው ነው የሚመስለው።

በዒድ ዕለት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለኢማን የገባሁትን ቃል አነሳሁባት። ቀኑ ደርሷል፣ ማመልከቻ ልጻፍ ወይ አልኳት። ስልኬን ተቀብላ ያቺ ሴት የጻፈችውን ዳግመኛ አነበበችና "እስከ ዐረፋ ጠብቅ" አለችኝ። እኔም ማመልከቻውን አልጻፍኩም።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። የሐኪም ቤቱን ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ አንዋር ከቤትሽ ደጃፍ ይወስድሻል።

ወንድምሽ ሙስዐብ


ከሚሴ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙስዐብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን የምጽፍልህ በዳነ ዓይን ነው፤ መስመሩን ጠብቄ መጻፌን ልብ በል። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፎልኛል፣ ግራው ከክረምት በኋላ ነው። አልሐምዱሊላህ። ፋሻውን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ጋዋን ነው፤ እንዲህ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቼው ነበር። ሳቢራ ፊቷ መጨማደዱን ነገርኋትና ተኳረፍን።

ቤት እንደገባሁ ስልክ ተቀብዬ ያንተን መደብር አስከፈትሁ። ዲምቱን አየኋት። ሙስዐብ፣ ላሟ ሐምራዊ ናት። ጨፋ ሐምራዊ ላም አያውቅም፤ ባቲ ገበያም ወርዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሳቢራን አንቺ ስታዪ ለምን አልነገርሽኝም ብላት "የአዲስ አበባ ነገር መስሎኝ ነው" አለችኝ። አንተን ግን ፍርጥ አድርገህ ንገረኝ ብዬህ ነበር። ጥሩ ነው አልኸኝ። ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዳግመኛ ሰው አታላይ ሊልህ ነው፣ በኔ ብሩሽ፣ ቀይ ላም ይዘህ ሐምራዊ እየሰቀልህ ብዬ ተንገበገብሁ። ቶሎ ይቀየር ልልህ ከመደወሌ በፊት ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ልይ ብዬ ጌሙን አስወረድሁ።

ተከፈተ። ቄጠማው አለ፣ ወንዙ አለ። ከዚያ ዲምቱ ወጣች፣ እሷም ሐምራዊ። ጥጃዋም ፈዘዝ ያለች ሐምራዊ። መስከረም ላይ በእጅህ ይዘህ ስታሳየኝ ቀይ ነበረች፤ ያኔ ዓይኔ ደክሞ ነበር እንጂ ምን እንዳልኸኝ ጆሮዬ ሰምቷል፣ ቀይዋ የእናታችን ላም ናት ነው ያልኸኝ። ሦስት ሳምንት ዘገየሁ ያልኸኝ ለዚህ ነው። ውኃው ላይ ያለው ጥላዋ ሳይቀር ተቀይሯል።

የኔን ሥዕል በዚያ ኮምፒውተርህ ቀይ ማድረግ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር? አልነካኸውም። ሥዕሌ ውሸታም እንዳይሆን ብለህ ጌሙን ቀየርህ። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ሐኪሙ እንዳታለቅሺ፣ ዓይንሽንም እንዳታሺ ብሎኝ ነበር። እኔ ዓይኔን ደበቅሁህ፣ አንተ ቀለሙን ደበቅኸኝ፤ ተካክለናል።

አሁን ቀይ ምን እንደሚመስል በደንብ ይታየኛል፤ እንደገና ልሥላት ብልህ እችላለሁ። አልልህም። እንደዚያው ተዋት።

እህትህ አሻ